የተረፈ ስብ ለአትክልት፦ ሞራ፣ ላት፣ የዶሮ ስብ፣ ቅቤ ወይስ የጥብስ ቅባት?

በዓል ባለፈ ማግስት ፍሪጅ ውስጥ የሚገኘው ነገር የታወቀ ነው። ከቅርጫው የደረሰ ሞራ በላስቲክ፣ ከበጉ የተቆረጠ ላት፣ ዶሮው ሲበለት የተገፈፈ ቆዳ፣ ከክትፎ የተረፈ ንጥር ቅቤ፣ ጥብስ የተሠራበት ድስት ውስጥ የረጋ ቅባት። ዘይት በተወደደበት ጊዜ ይህን ሁሉ መጣል ያንገበግባል። እጅ የገባውን አንስቶ ጎመን ላይ መጨመር ደግሞ ጎመኑንም ስቡንም ያባክናል። ሥጋ ጣዕሙ ብርቱ ስለሆነ የመጣበትን ስብ ይችላል። አትክልት ግን አይሸፍንም፤ ስቡ የያዘው ሽታ፣ ጨውና እርጅና በሙሉ ካሮቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

## በምን እንመዝናቸው?

የሚረጋበት ሙቀት። ስለ ምግብ ስብ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የሚጤስበት ሙቀት ነው። ለእኛ ማዕድ ግን የሚረጋበት ሙቀት ይበልጣል፤ ምክንያቱም እንጀራ ነው። አትክልቱ ከድስት ወጥቶ እንጀራ ላይ ሲዘረጋ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ በላተኛውም እየተጨዋወተ ስለሚበላ ትሪው ቶሎ አይነሳም። የበሬ ሞራ የሚቀልጠው ከ40 እስከ 48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ትሪው ከዚያ በታች እንደወረደ መርጋት ይጀምራል። የአፍ ሙቀት ደግሞ 37 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አፍ ውስጥ ገብቶም በደንብ አይፈታም። ላንቃ ላይ እንደ ሻማ የሚለጠፈው ነገር ይኸው ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ስለሚቀልጥ አፍ ውስጥ ይሟሟል። የዶሮ ስብ ከሁሉም ይለሰልሳል፤ በአዲስ አበባ የቤት ውስጥ ቅዝቃዜ እንኳ ወፈር ይላል እንጂ አይደርቅም።

ሽታ። የበግ በግነት፣ የፍየል ፍየልነት በይበልጥ ያለው በስቡ ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ ስብ ሽታውን ስለሚደብቅ ከፍሪጅ አውጥቶ ማሽተት አያዋጣም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህሉን መጥበሻ ላይ አቅልጠው ያሽትቱ። ያን ጊዜ የወደዱት ስብ አትክልት ላይም ይወደዳል።

ንጽህና። ውኃ፣ የሥጋ ፍርፋሪ፣ ጨው ወይም በርበሬ የያዘ ስብ ቶሎ ያርራል፣ ይፈናጠራል፣ ፍሪጅ ውስጥም አይቆይም። ተጣርቶ የደረቀ ሞራ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ሳይጤስ ይሞቃል። ፍርፋሪ ያለበት ያው ሞራ ግን ከዚያ በፊት ይጠቁራል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ያሉት የጢስ ቁጥሮች የሚሠሩት ለተጣራ ስብ ብቻ ነው።

የሚቆይበት ጊዜ። ጠንካራ ስብ ቶሎ አይኮመጥጥም፤ ለስላሳ ስብ ቶሎ ይበላሻል። አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሁሉንም ያፋጥናሉ።

ጤና። ማንኛውም ስብ በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 13 ግራም ቢይዝ ወደ 117 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። ልዩነቱ በሳቹሬትድ ስብ (ሲበዛ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው የስብ ዓይነት) መጠን ላይ ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውስጥ ንጥር ቅቤ 8 ግራም፣ የበሬ ሞራ 6 ግራም ተኩል፣ የዶሮ ስብ 4 ግራም ገደማ ይይዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከዕለቱ የምግብ ኃይል ውስጥ በሳቹሬትድ ስብ የሚገኘው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ያህል ነው። «የሚረጋ ዘይት» ብሎ ፓልምን የሚሸሽ ሰው ሞራን ቀለል ያለ አማራጭ አድርጎ እንዳያስብ፤ በዚህ ረገድ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። በሌላ በኩል ጥቂት ስብ ለአትክልት ይጠቅማል። ካሮት፣ ዱባና ጎመን ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን ሰውነት በደንብ የሚወስደው ስብ ሲኖር ነው። ለዚያ የሚበቃው ግን ማንኪያ እንጂ ጭልፋ አይደለም።

ጾምና እምነት። ይህን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን፤ ስቡን የት ማስቀመጥ እንዳለብን የሚወስነው እሱ ነውና።

## የበሬ ሞራ

ከሉካንዳ ቤት የሚገኘው ሁሉ አንድ አይደለም። ኩላሊቱን ከቦ የሚገኘው ደረቅና በእጅ የሚፈረፈር ስብ ምርጡ ነው፤ ሥጋ አልተቀላቀለበትም፣ ሲቀልጥም ሽታው ቀላል ነው። ሞራ ገላጮች ዘርግተው የሚያነቡት የሆድ ዕቃ መሸፈኛ ስስ ነው፤ ቶሎ ይቀልጣል፣ የሆድ ዕቃ ሽታ ግን ሊይዝ ስለሚችል በደንብ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ከቁርጥ ላይ የተነሳ ጮማ ደግሞ ሥጋና ጅማት ስላለው የሚወጣው ስብ ያንሳል፣ የሥጋ ጣዕሙም ይበረታል። ከ1 ኪሎ ጥሩ የኩላሊት ሞራ ከ700 እስከ 800 ግራም የተጣራ ስብ ይገኛል።

የሞራ ቦታ ድንች ነው። የቤልጂየም የተጠበሰ ድንች በልማድ የሚጠበሰው በበሬ ስብ ነው፤ በሰሜን እንግሊዝ የዓሣና ድንች ቤቶችም ይህን የሚጠቀሙ አሉ። (እዚያ አካባቢ የምትኖሩ ጾመኞች፣ «ድንች ብቻ ነው» ብላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት በምን እንደተጠበሰ ጠይቁ።) ሞራ ድንቹን ከውጭ ጥርት አድርጎ ያደርቀዋል፣ ከውስጥ ለስላሳ ይተወዋል። ድንቹ በትኩሱ ስለሚበላም የመርጋቱ ችግር አይታይም።

ለኦቨን ድንች፦ 1 ኪሎ ድንች ተልጦ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆራርጦ በጨው ውኃ ይቀቀላል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከባሕር ጠለል አቅራቢያ በ8 ደቂቃ የሚደርሰው ድንች እዚህ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። ጠርዙ መፈርፈር ሲጀምር ውኃው ይጠነፈፋል፣ ድንቹም እንፋሎቱ እስኪወጣ 5 ደቂቃ ክፍት ይቆያል። 3 የሾርባ ማንኪያ ሞራ በትሪ 210 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ 8 ደቂቃ ይግባ። ከዚያ ድንቹ በጥንቃቄ ይጨመርና ይታሽ፤ 25 ደቂቃ ላይ ተገልብጦ በድምሩ ለ45 ደቂቃ ይጠበስ። ስቡ ሳይሞቅ ድንቹ ከገባ ይጠጣዋል፤ «ቅባት በዛው» የሚባለው ድንች ብዙ ጊዜ ቅባት በዝቶበት ሳይሆን ቅባቱ ቀዝቅዞበት ነው።

እንጀራ ላይ ለሚቀርብ አትክልት ሞራ ብቻውን አይመከርም። ሌላ ከሌለ 1 ማንኪያ ሞራ ከ2 ማንኪያ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ጋር አብረው ያሙቁ። ድብልቁ በጣም ይለሰልሳል፣ የሞራው ጣዕምም አይጠፋም።

## የበግ ላት

ላት ከዚያው በግ የኩላሊት ስብ ይለሰልሳል፤ የኩላሊቱ ከበሬ ሞራም የጠነከረ ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ማቅለጥ የላቱን ጥቅም ማጥፋት ነው። የበጉ ዓይነትም መጠኑን ይወስናል። የመንዝ በግ ጅራቱ አጭርና ስባም ነው፤ ጥቁር ራስ የሱማሌ በግ ደግሞ ስቡን የሚያከማቸው በዳሌው ላይ ነው። በዐረብ አገር ያላችሁ ሥጋ ቤት ውስጥ «ሊያ» ብላችሁ ብትጠይቁ ላት ይሰጧችኋል።

የላት ፈተናው ሽታ ነው፤ የሚወስነውም የእንስሳው ዕድሜና ሁኔታ ነው። የጠቦትና የሙክት ላት ለዘብ ያለ ነው። ያልተኮላሸ አሮጌ አውራ በግ ግን ላቱ ጎመኑን ብቻ ሳይሆን ወጥ ቤቱን ይወርሳል። እንዲህ ያለውን ነጭ ሽንኩርት አይሸፍነውም፤ ለአትክልት ባይውል ይሻላል።

ጥሩ ላት ከመራራና ከጠንካራ ቅጠል ጋር ይስማማል፤ ከሁሉ በላይ ከሀበሻ ጎመን ጋር። አሠራሩ ላይ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፦ ስቡ ከጎመኑ ጋር ውኃ ውስጥ ይጨመራል። ያን ጊዜ ስቡ ይንሳፈፋል፣ ቅጠሉ ደግሞ ያለ ቅባት ይቀቀላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል 1 ኪሎ ጎመን በጥቂት ውኃ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ቀቅሎ፣ አቀዝቅዞና ጨምቆ፣ ከዚያ ማድቀቅ ነው። በሌላ ድስት ሽንኩርት መጀመሪያ በደረቁ ይቁላላ፤ ሲለሰልስ 2 የሾርባ ማንኪያ ላት፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በመጨረሻ ጎመኑ ይገባል። 10 ደቂቃ በመካከለኛ እሳት ይታሻል። ቃሪያው ሊወርድ ሲል ይግባ። ነጭ ሽንኩርት በጣም በጋለ ላት ላይ ከወደቀ በሰከንዶች ያርራል፤ ምሬቱም በጎመኑ ይመካኛል።

የፍየል ስብ? ፍየል ስቧን የምታከማቸው በይበልጥ በሆድ ዕቃዋ ዙሪያ ነው፤ ጠንካራና ሽታው ብርቱ ነው። ለአትክልት አልመርጠውም።

## የዶሮ ስብ

ከአምስቱ ለእንጀራ አትክልት አንደኛ የማደርገው ይህን ነው፤ የሚያስገርመው ደግሞ በብዛት የሚጣለውም እሱ ነው። ለዶሮ ወጥ ዶሮው ሲበለት ቆዳው ተገፎ ይወጣል፣ ከአንገትና ከሆድ አካባቢ ያለው ቢጫ ስብም አብሮ ይነሳል። የሀበሻ ዶሮ ከሲታ ስለሆነ የሚሰጠው ጥቂት ነው። በእርባታ ያደገ የሥጋ ዶሮ ግን ከ500 ግራም ቆዳና ስብ ከ100 እስከ 150 ግራም የሚሆን የተጣራ ስብ ይሰጣል።

ቆዳው ለስብ ከተፈለገ ከሎሚና ከጨው እጥበቱ በፊት መነሳት አለበት። ከታጠበ በኋላ ከተነሳ ጨውና ውኃ ይዞ ስለሚመጣ ይፈናጠራል፣ ስቡም ጨዋማ ቃና ይይዛል። በትንሹ ተከትፎ በቀዝቃዛ ድስት ከ4 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጋር ይጣድ፤ በዝቅተኛ እሳት ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይቀመጥ። ውኃው ስቡ እስኪወጣ ቆዳው ከድስቱ እንዳይጣበቅ ይጠብቀዋል፣ በኋላም ተንኖ ያልቃል። ቆዳው ወርቃማ ሲሆን አጥልሉ። ቡናማ እስኪሆን ከተጠበቀ ስቡ የጥብስ ጣዕም ይይዛል፤ ለድንች ደግ ነው፣ ለካሮት አይሆንም። ጥሬ ቆዳ የነካው ቢላና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ ቃሪያ እንዳይቆረጥበት።

ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሶሊያና ድንች አልጫ በዚህ ስብ ያምራሉ። ለ1 ኪሎ ድብልቅ አትክልት 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። እርዱ ከስቡ ጋር ግማሽ ደቂቃ ይሙቅ፣ ካሮትና ፎሶሊያ ቀድመው ይግቡ፣ ጥቅል ጎመኑ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይከተል። ድስቱ ተከድኖ በራሱ ውኃ ይብሰል። ሲቀዘቅዝም ስቡ አይጋገርም፤ ስለዚህ ምሳ ዕቃ ውስጥ ለሚገባ አትክልት ከዚህ የሚሻል የለም።

በእስራኤል የካሽሩት ሥርዓት (የአይሁድን የምግብ ሕግ) የሚጠብቁ ቤተሰቦች የዶሮ ስብን እንደ ሥጋ ነው የሚቆጥሩት። በእሱ የበሰለ ጎመን ከአይብ ጋር አይቀርብም፤ ቅቤም አይጨመርበትም።

## የተረፈ ንጥር ቅቤ

እዚህ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ።

በንጹሕ ማንኪያ የተቀዳ፣ ማሰሮው ውስጥ የቀረ ንጥር ቅቤ ምንም ጣጣ የለበትም። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ውስጡ ስላሉ ሌላ ቅመም ሳይደራረብበት ለካሮት፣ ለዱባና ለቆስጣ ይሆናል። ድስቱ ሊወርድ ሲል 1 ማንኪያ ጣል ማድረግ ከመጀመሪያው 3 ማንኪያ ከማቁላላት የበለጠ መዓዛ ይሰጣል፤ ረጅም እሳት የቅመሙን ሽታ ያባርረዋልና። ከክትፎ ጎን የሚቀርበው ጎመን የሚጣፍጠውም ቅቤው ትኩስነቱን እንደያዘ ስለሚገባበት ነው።

ጥሬ ክትፎ የነካው፣ ሚጥሚጣና የሥጋ ውኃ ያለበት ቅቤ ሌላ ነገር ነው። ወደ ማሰሮው በፍጹም አይመለስ። በዚያው ቀን እስኪንተከተክ ፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ በደንብ በሚበስል አትክልት ላይ ይዋል፤ ካልሆነ ይጣል።

ሦስተኛው ከዶሮ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ቅባት ነው። ወጡ ፍሪጅ ሲያድር ይረጋል፣ በማንኪያ ይነሳል። በርበሬ ስላለበት ብርቱ እሳት አይችልም፤ ያርራል፣ ይመራል። ለድንች ቀይ ወጥ ወይም ለተቀቀለ አበባ ጎመን በዝቅተኛ እሳት ብትጠቀሙበት ግን ሌላ ቁሌት አያስፈልግም። ጨውን መጨረሻ ላይ ቀምሶ መጨመር ነው።

ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ከ150 እስከ 175 ዲግሪ ሲደርስ ይጤሳል፤ ለመጥበሻ ሥራ አይታሰብ።

## የጥብስ ቅባት

ድስት ውስጥ የቀረው ቅባት ከስብ በላይ ነው፦ የሥጋ ጭማቂ፣ ጨው፣ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል ሽታ። ሲቀዘቅዝ ለሁለት ይከፈላል፤ ከላይ የረጋ ስብ፣ ከታች የሚንቀጠቀጥ ቡናማ ጭማቂ። ስቡ እንጉዳይና ድንች ለማቁላላት ይሆናል። ጭማቂው በውኃ ፋንታ ለፎሶሊያ ይጨመራል፤ ከሁለቱ የበለጠ ጣዕም ያለውም እሱ ነው። ሁለቱም ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን በላይ አይቀመጡ።

ምድጃ ዳር ማሳደር ልማድ ነው፤ አደገኛ ልማድ። የረጋው ስብ አየር ስለሚከለክል ከሥሩ ያለው እርጥብ ጭማቂ ኦክስጅን በሌለበት ለሚባዙ ባክቴሪያዎች ይመቻል፤ ከእነዚህ አንዱ የቦቱሊዝም መርዝ የሚያመነጨው ነው። ሽታው ደህና መሆኑ ዋስትና አይሆንም። በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ።

## በውጭ አገር በማሰሮ የሚሸጡ

የዳክዬና የዝይ ስብ በአውሮፓ ሱቆች በቀላሉ ይገኛል። ባሕርያቸው ለዶሮ ስብ የቀረበ ነው፤ ዋጋቸው ግን አይቀርብም። በአሜሪካ የበሬ ስብ ተጣርቶ በማሰሮ ይሸጣል፤ ከሥጋ ቤት ጥሬውን ገዝቶ ማቅለጥ ይረክሳል። «ላርድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የአሳማ ስብ ነው። «የእንስሳት ስብ» ብቻ የሚል ከሆነም የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ሳይታወቅ አይገዛም።

## በአንድ እይታ

| ስብ | የሚቀልጥበት | ተጣርቶ የሚጤስበት | ሽታ | ተጣርቶ በፍሪጅ | የሚስማማው | ወጪና ድካም |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የበሬ ሞራ | 40–48 ዲግሪ | 200 ገደማ | ቀላል | 3 ወር | ድንች፣ እንጉዳይ፤ በትኩሱ | ርካሽ፣ 2 ሰዓት ማቅለጥ |
| የበግ ላት | ከሞራ ያንሳል | ከሞራ ጥቂት ያንሳል | እንደ በጉ | 2 ወር | ሀበሻ ጎመን፣ ቃሪያ | መካከለኛ፣ 1 ሰዓት ተኩል |
| የዶሮ ስብ | ለስላሳ፣ በቤት ሙቀት ይወፍራል | 190 ገደማ | ለዘብ ያለ | 1 ወር | ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ | የሚጣል ነገር፣ 1 ሰዓት |
| ንጥር ቅቤ | 32–35 ዲግሪ | ከ230 በላይ፤ ቅመም ካለበት ያንሳል | የቅመም | ብዙ ወር | ዱባ፣ ካሮት፣ ቆስጣ፤ በመጨረሻ | ውድ፣ ድካም የለውም |
| የጥብስ ቅባት | እንደ ሥጋው | ዝቅተኛ | ብርቱ | 3–4 ቀን | እንጉዳይ፣ ድንች፣ ፎሶሊያ | ነጻ፣ ቶሎ ማለቅ አለበት |

ቀይ ሥር ሰንጠረዡ ላይ የሌለው በስሕተት አይደለም። ቀዝቅዞ ስለሚበላ ማንኛውም የሚረጋ ስብ ያበላሸዋል፤ ለእሱ ዘይትና ሎሚ ብቻ።

## ሞራና ላት እንዴት ይቀለጣል?

ስቡ ለ1 ሰዓት ፍሪዘር ይግባ፤ ጠንክሮ በቀላሉ ይከተፋል። ሥጋ፣ ደምና ጅማት ተለይቶ ይውጣ፤ ስቡ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይከተፍ። ለ1 ኪሎ ስብ ግማሽ ኩባያ ውኃ ጨምሮ ወፍራም ድስት ላይ በጣም ዝቅተኛ እሳት። በየ15 ደቂቃው ይማሰል። መጀመሪያ ድምፁ ያስተጋባል፤ ያ ውኃው ነው። ድምፁ ሲቀንስ፣ አረፋው ሲጠፋና የቀረው ቁራጭ ወርቃማ ሆኖ ሲዘቅጥ ደርሷል። በወንፊት ላይ በተነጠፈ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጥለል። የታችኛው ደለል አይገልበጥ።

ሽታ ካለው በድጋሚ ይታጠባል፦ 1 ኪሎ የቀለጠ ስብ፣ 1 ሊትር ውኃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 15 ደቂቃ መፍላት። ሲረጋ እንደ ክዳን ይነሳል፣ ከሥሩ ያለው ቆሻሻ በቢላ ይፋቃል፣ ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ዳግም በዝቅተኛ እሳት ይደርቃል። ይህ የመጨረሻው ማድረቅ አይዘለል፤ ውኃ የቀረበት ስብ ይሻግታል። ሽታው ከዚህም በኋላ ካለ ለአትክልት አይሆንም።

ማሰሮው ደረቅ ይሁን፣ ክዳኑ ይገጠም፣ ላዩ ላይ ቀን ይጻፍ። ኮምጠጥ ወይም አሮጌ ቀለም የሚሸት ስብ እንደገና ቢፈላም አይድንም።

## የሚያበላሹ ነገሮች

አትክልቱ ታጥቦ ሳይደርቅ ከገባ ይፈናጠራል፣ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መጥበሻው ከሞላም ያው ነው፤ ዝኩኒና እንጉዳይ በተለይ ውኃቸውን ስለሚለቁ በአንድ ንብርብር ብቻ ይጠበሱ። በሥጋ ጊዜ የለመድነውን መጠን አትክልት ላይ መድገም ሌላው ነው። ሥጋ ስቡን ድስት ውስጥ ይለቃል፤ ጥቅል ጎመን ግን ውኃውን ለቆ ስቡን ተሸክሞ ይወጣል፣ የተረፈውን ደግሞ እንጀራው ይጠጣዋል።

አንድ ጊዜ ድንች የተጠበሰበት ሞራ ተጣርቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። መጥቆር፣ አረፋ ማውጣትና መጣበቅ ከጀመረ፣ ወይም እሳቱ ሳይበረታ የሚጤስ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ወደ እቃ ማጠቢያ ቱቦ አይፈሰስ፤ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። በቆርቆሮ ረግቶ ከቆሻሻ ጋር ይወገድ። ስብ ድስት ውስጥ ከተቀጣጠለ እሳቱን አጥፍቶ በክዳን መድፈን ነው፤ ውኃ መድፋት ነበልባሉን ያፈነዳዋል።

## ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ የበሬ ሞራ፤ ከዘይት ጋር 1 ለ2 ተቀላቅሎ የወር ዘይትን ያቀላል። ድካም ለማይፈልግ የጥብስ ቅባት፤ ዛሬውኑ ድንች ይጠበስበት። ለብዙ ሰው እንጀራ ላይ ለሚያቀርብ፣ ምሳ ዕቃ ለሚቋጥር የዶሮ ስብ። እንግዳ ካለና መዓዛ ከተፈለገ ንጥር ቅቤ፤ በመጨረሻ ደቂቃ አንድ ማንኪያ። የኮሌስትሮል ወይም የልብ ክትትል ላለበት ሰው ከእነዚህ የትኛውም የዘወትር ማብሰያ አይሆንም፤ ዕለት ዕለት ዘይት፣ አልፎ አልፎ አንድ የሻይ ማንኪያ የዶሮ ስብ ለጣዕም፣ ይህንንም ሐኪሙ ከፈቀደ።

ፍሪዘር መኖሩና የጾሙ አቆጣጠር ደግሞ ምርጫውን ይለውጣሉ። የፋሲካ ስብ ምቹ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም የዶሮ ስቡም ላቱም ሳይበላሽ ያልቃል። የገና ስብ ግን ነነዌና ሁዳዴ ይመጡበታል። ከቅበላ የተረፈ ስብ 55 ቀን መሻገር አለበት። ፍሪዘር ካለ ሁሉም ይሻገራል፤ በበረዶ ማውጫ ሳህን በማንኪያ ልክ ተከፋፍሎ ቢቀመጥ የሚፈለገው ብቻ ይወጣል። ፍሪጅ ብቻ ካለ በደንብ የደረቀ ሞራና ንጥር ቅቤ ይሻገራሉ፤ ላት ግን ወሰኑ ላይ ነው። የዶሮ ስብ አይደርስም። ቅበላ ሰሞን መጀመሪያ እሱን ጨርሱት፤ ብረት መጥበሻውም ስብ ስለሚይዝ ጾሙ ከመግባቱ በፊት በሙቅ ውኃና በሳሙና ይፈተግ።